ዝቅ ያለ መኪና፣ ቀና ያለ ሰው፦ የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ የግቢ ውስጥ ጥበብ ታሪክ

የቴክኒክ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በፋብሪካ አጥር ውስጥ ስለሚፈጸመው ሥራ ነው። ማን ፈለሰፈው፣ ማን አመረተው፣ ምን ያህል ተሸጠ ለሚሉት ጥያቄዎች መዝገብ አይጠፋም። ዕቃው ከፋብሪካው በር ወጥቶ ወደ ሠርቶ አደሩ ግቢ ከገባ በኋላ የሚደርስበት ግን ከታሪክ ጸሐፊዎች ብዕር ሲያመልጥ ይታያል። ሆኖም ብዙ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ አንድ ጊዜ በአምራቹ፣ ሌላ ጊዜ በባለቤቱ እጅ። ሁለተኛው ሥራ ደመወዝ የለውም፤ ሰዓት ተቆጣጣሪም የለውም። ቢሆንም የአንድ ሕዝብ የውበት ስሜት፣ ብሶቱና እልሁ ጎልቶ የሚታየው ብዙውን ጊዜ በዚህ በሁለተኛው ሥራ ላይ ነው።

ለዚህ ምስክር ከሚሆኑት ነገሮች አንዱ መካኒኮች ሞላ የሚሉት ጥምዝምዝ ብረት ነው። ሞላ በመኪናው ሻንሲና በጎማው መካከል ተቀምጦ የመኪናውን ክብደት ይሸከማል፤ መንገዱ ሲጎረብጥ ይጨፈለቃል፣ ተመልሶም ይዘረጋል። መኪናው ከመሬት ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚቆም የሚወስነው በአመዛኙ የሞላው ርዝመትና ግትርነት ሲሆን፣ ይህም አስቀድሞ በመሐንዲሶች ጠረጴዛ ላይ የተቆረጠ ጉዳይ ነው። በሎስ አንጀለስ ከተማና በዙሪያዋ የሚኖሩ የሜክሲኮ ተወላጅ ሠራተኞች ግን ይህን ውሳኔ አልተቀበሉትም። ከሥራ መልስ በየግቢያቸው መኪናቸውን በክሪክ አንሥተው ሞላውን አሳጠሩ፤ መኪናቸውንም ወደ አስፋልቱ አስጠጉ። በዚህ ምክንያት ፖሊስ አሳደዳቸው፣ ቅጣት ከፈሉ፣ ሕግ ወጣባቸው፤ ሕጉም ከስድሳ ዓመት በላይ ጸንቶ ከኖረ በኋላ ተሻረ። ለመሆኑ መኪና በጥቂት ሣንቲ ሜትር ዝቅ ማለቱ ሕግ አውጪን፣ ፖሊስንና ሕዝብን ይህን ያህል ዘመን ያነታረከው ለምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት ከመኪናው በፊት የነበረውን ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. እስከ 1848 ድረስ የሜክሲኮ ግዛት ነበረች። ሜክሲኮ በጦርነት ተሸንፋ ሰፊ ግዛቷን ለዩናይትድ ስቴትስ ስታስረክብ በዚያ የነበረው ሕዝብ ከቀዬው ሳይነቃነቅ በሌላ መንግሥት ሥር ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1910 የፈነዳው የሜክሲኮ አብዮት ብዙዎችን ወደ ሰሜን አሰደደ፤ ከ1942 እስከ 1964 የቆየው የብራሴሮ የሥራ ውልም ለሰፋፊዎቹ እርሻዎች የሚሆን ርካሽ ጉልበት ከሜክሲኮ ማጓጓዙን ቀጠለ። ይህ ሕዝብ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፤ ብርቱካን ለቀመ፤ በፋብሪካ ጭስ ታፍኖ ሠራ። መኖሪያን በሚመለከት ግን በየቤቱ የባለቤትነት ውል ላይ የሚሰፍር የዘር ገደብ ከብዙ ሠፈሮች ያግደው ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለው ገደብ በፍርድ ኃይል ሊፈጸም እንደማይችል የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። እንግዲህ ከሎስ አንጀለስ ወንዝ በስተምሥራቅ ያለው ሠፈር የዚህ ሕዝብ ዋና መናኸሪያ የሆነው በምርጫ ብቻ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በጁን 1943 በከተማይቱ የደረሰው ነገር በኋላ ለመጣው ሁሉ እንደ መግቢያ የሚቆጠር ነው። ብዙ የሜክሲኮ ተወላጅ ወጣቶች ትከሻው የሰፋ ረጅም ኮትና ከቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚጠብ ሰፊ ሱሪ ይለብሱ ነበር፤ ልብሱ ዙት ሱት ይባላል። ጨርቅ በቁጠባ እንዲያዝ በታዘዘበት የጦርነት ወቅት ይህ አለባበስ እንደ ድፍረት ተቆጠረ። መርከበኞችና ወታደሮች ለብዙ ቀናት በየጎዳናውና በየሲኒማ ቤቱ እየገቡ ወጣቶቹን ደበደቡ፤ ልብሳቸውንም ገፈፉ። ፖሊስ በብዛት ያሰረው ደብዳቢዎቹን ሳይሆን ተደብዳቢዎቹን ነበር። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በዚያች ከተማ ደሀ ሰው ራሱን አሳምሮ በአደባባይ መታየቱ ብቻ እንደ ጥፋት ሊቆጠርበት ይችል ነበር።

ጦርነቱ ሲያበቃ በልብስ የተጀመረው ነገር ወደ መኪና ተሻገረ ማለት ይቻላል። ከጦር ሜዳ የተመለሱትና በፋብሪካ የተቀጠሩት ወጣቶች ያገለገሉ መኪናዎችን፣ በተለይም የ1930ዎቹንና የ1940ዎቹን ሼቭሮሌ መግዛት ቻሉ። ያን ጊዜ ሌሎች የካሊፎርኒያ ወጣቶች ከመኪናቸው ላይ ክብደት እየቀነሱ፣ ሞተሩን እያበረቱ በፍጥነት ይወዳደሩ ነበር። የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ልጆች ግን ተቃራኒውን መንገድ መረጡ። መኪናቸው ዝቅ ብሎ በዝግታ እንዲሄድ፣ በመንገድ ዳር ያለው ሁሉ እስኪጠግብ እንዲያየው ፈለጉ። «ባሒቶ ኢ ስዋቬሲቶ» የሚለው የስፓኝኛ መፈክራቸው «ዝቅ ብሎ፣ ለስለስ ብሎ» እንደ ማለት ነው። መኪናውም ነጂውም በኋላ ሎውራይደር ተባሉ። የሚፈጥን ሰው መንገዱን ለመጨረስ ይቸኩላል፤ ቀስ የሚል ሰው ግን መንገዱ የእርሱም መሆኑን በአካሉ ይናገራል።

ዝቅ ማድረጊያው ዘዴ በመጀመሪያ እጅግ ቀላል ነበር። ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ የአሸዋ ወይም የሲሚንቶ ከረጢት ይጨመርበታል፤ ኋላው በክብደቱ ይሰምጣል። ወጪው የከረጢት ዋጋ ብቻ ነው፤ ሰኞ ሲመጣም ከረጢቱን ማውረድ ይበቃል። ነገር ግን ሸክም የተቆለለበት መኪና ፍሬኑ ቶሎ አይዝም፤ ፊቱ ስለሚነሣም መሪው አይታዘዝም።

ቀጥሎ የመጣው ዘዴ ወደ ሞላው ራሱ ዘለቀ። መኪናው በክሪክ ይነሣል፤ ሻንሲው በጠንካራ ድጋፍ ላይ ያርፋል፤ ጎማው ይወልቃል፤ ሞላውን ከሥር የያዘው ክንድ በጥንቃቄ ዝቅ ይደረጋል። ሞላ በቦታው ሳለ የታመቀ ኃይል ነው፤ ሳይታሰር ከተለቀቀ ተስፈንጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል። ከወጣ በኋላ ከዙሩ ግማሽ ወይም አንድ በመጋዝ ይቆረጣል። በየግቢው ይሠራ የነበረው ሰው በዚህ ጊዜ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእጁ የተማረው አንድ የፊዚክስ ሕግ አለ። ሞላ ዙሩ ባነሰ ቁጥር ይበልጥ ይገትራል፤ በስምንት ዙር የሚሠራ ሞላ አንዱ ዙር ቢቀነስለት ግትርነቱ ከመቶ 14 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ የተቆረጠ ሞላ መኪናውን ዝቅ ያደርገዋል፤ ያንገጫግጨዋልም። ስንት ጣት እንደሚቆረጥ፣ የት ላይ እንደሚበቃ ማወቅ የሞያው ምሥጢር ነበር።

ሦስተኛው ዘዴ ፈጣንም ክፉም ነው። ሞላው ከቦታው ሳይወጣ በብየዳ ነበልባል ይጋላል፤ ብረቱ ሲቀላ በመኪናው ክብደት እየተጨፈለቀ ይወርዳል። ሞላን ሞላ ያደረገው በፋብሪካ በማጋልና በማቀዝቀዝ የተሰጠው ጥንካሬ ሲሆን፣ እሳቱ ይህንኑ ጥንካሬ ይነሣዋል። የአንዱ ጎን ሞላ ከሌላው እኩል አይወርድም፤ ውሎ አድሮም ይዝላል ወይም ይሰበራል። ኋላቸው በባሌስትራ ለቆሙት መኪናዎች ደግሞ ሌላ መላ ነበር፤ በባሌስትራውና በላዩ በተኛው አክሰል መካከል የብረት ጉማጅ ገብቶ በረጃጅም ብሎኖች ይታሰራል። በኋለኞቹ ዘመናት ለዚሁ ተብሎ አጥሮና ጠንክሮ የተሠራ ሞላ በገበያ ላይ ዋለ፤ ግቢ ውስጥ የሚሠራው ሰውም መጋዙንና እሳቱን ትቶ መግጠም ብቻ ቀረው። ያም ቢሆን ጥንቃቄ አይለየውም። የክንዶቹ ብሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው ከክሪኩ ወርዶ በራሱ ክብደት ሲቆም ነው፤ አለዚያ በመጋጠሚያው ውስጥ ያለው የጎማ ትራስ እንደ ተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይበጣጠሳል። የጎማዎቹም አቋም እንደገና መለካት አለበት፤ ቁመቱ የተለወጠ መኪና ጎማውን ባንድ ጎን ይበላልና።

ይህ ዕውቀት ከሰማይ የወረደ አይደለም። ከጦር ሠራዊት ጋራዦች፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመካኒክ ክፍሎች፣ በአካባቢው ከነበሩት የመኪና ፋብሪካዎች የተገኘ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ብቻ በሳውዝ ጌት ከ1936 እስከ 1982፣ በቫን ናይስ ደግሞ ከ1947 እስከ 1992 መኪና ይገጣጥም ነበር። በመገጣጠሚያው መሥመር ላይ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ብሎን ሲያጠብቅ የሚውል ሠራተኛ የመኪናውን ሙሉ መልክ የማየት ዕድል የለውም፤ ማታ በግቢው ሲሆን ግን መኪናውን ከአፍ እስከ ገደፉ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ይወስናል። ቀን የሌላውን ሐሳብ የሚፈጽም እጅ ማታ የራሱ አሳቢ ይሆናል። ወንድም ለወንድም መብራት ይይዛል፤ ጎረቤት ክሪክ ያውሳል፤ ልጅ የብሎን መፍቻ እያቀበለ ይማራል። ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ትምህርት ቤትም ነበረ።

ሕጉ የመጣው ይህ ልማድ ሥር በሰደደበት ጊዜ ነው። ካሊፎርኒያ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በተሽከርካሪ ሕግዋ አንቀጽ 24008፣ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ተለውጦ ከጎማው በቀር ማናቸውም ክፍሉ ከቸርኬው የታችኛ ጠርዝ በታች የሚውል መኪና በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ከለከለች። ለድንጋጌው የደኅንነት ምክንያት ማቅረብ አያቅትም፤ ጎማው የተነፈሰ ዝቅተኛ መኪና በሆዱ አስፋልት ሊፍቅ ይችላል። በመንገድ ላይ ግን ሕጉ ሌላ አገልግሎት ነበረው። የመኪናው ቁመት ለፖሊስ በሩቅ የሚታይ ምልክት ሆነ፤ ነጂውን ለማስቆም፣ ለመፈተሽና ለመቅጣት በቂ ምክንያት ተገኘ። በ1943 ኮት ያስከተለውን አሁን ሞላ አስከተለ።

መልሱም ከዚያው ከሕዝቡ መካከል መጣ። ሮን አጊሬ የተባለው የመኪና ባለሞያ እ.ኤ.አ. በ1959 ገደማ «ኤክስ ሶኒክ» በተባለው ኮርቬቱ ላይ ከአውሮፕላን የተራረፉ የሃይድሮሊክ ፓምፖችንና መቆጣጠሪያዎችን ገጠመ። ከእንግዲህ የመኪናውን ቁመት የሚወስነው ከነጂው አጠገብ ያለ ማብሪያ ማጥፊያ ሆነ። ፖሊስ ሲመጣ መኪናው ተነሥቶ ሕጋዊ ይሆናል፤ ፖሊስ ሲያልፍ ተመልሶ ይተኛል። ለአውሮፕላን ታስቦ የተሠራው መሣሪያ የሠርቶ አደሩን መኪና ማስነሻና ማስተኛ ሆኖ አረፈው። እ.ኤ.አ. በ1958 ለገበያ የቀረበው ሼቭሮሌ ኢምፓላ ደግሞ ለዚህ ጥበብ የተፈጠረ ይመስል ነበር። የቀድሞዎቹ ሼቭሮሌዎች ኋላቸው በባሌስትራ የቆመ ሲሆን፣ ይህኛው በአራቱም ማዕዘን ሞላ ነበረው፤ እስከ 1964 የዘለቀው የኤክስ ቅርጽ ያለው ሻንሲውም በጎኖቹ ላይ ወፍራም ብረት ስላልነበረው መኪናው ይበልጥ እንዲወርድ ፈቀደ። ሆኖም ሃይድሮሊክ ውድ ነው። ለብዙው ሰው መጋዙና የተቆረጠው ሞላ ለረጅም ዘመን ብቸኛ አማራጭ ሆነው ቆዩ፤ ቅጣቱም ያረፈው በእነዚሁ ሰዎች ላይ ነበር፤ በማብሪያ ማጥፊያ የማይነሣ መኪና ከሕግ ፊት ማምለጫ የለውምና።

የዚህ ሁሉ መድረክ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ የሚያልፈው ዊቲየር ቡሌቫርድ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ማታ መኪናዎቹ ተሰልፈው በዝግታ ይመላለሱበታል፤ ቤተሰብ በእግረኛው መንገድ ላይ ቆሞ ያያል፤ ወጣቱ ይተዋወቃል። ክበቦችም ተቋቋሙ። የሩዌላስ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1962 ያቋቋሙት ዱክስ የተባለው ክበብ ከጥንታውያኑ አንዱ ነው። ክበቦቹ መተዳደሪያ ደንብ፣ መዋጮና ስብሰባ ነበራቸው፤ ለችግረኛ ቤተሰብ ገንዘብ ያሰባስቡ፣ በሴሳር ቻቬዝ ይመራ ለነበረው የእርሻ ሠራተኞች ማኅበርም ይረዱ ነበር። የእጅ ሥራው ሰውን ከሰው አገናኘ፤ የተገናኘውም ሰው ተደራጀ።

በዚሁ ጎዳና እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1970 ሃያ ሺህና ከዚያም በላይ የሚሆን ሕዝብ የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ሰልፍ ወጣ። የሜክሲኮ ተወላጆች ልጆች በጦር ሜዳ ከቁጥራቸው በላይ እየሞቱ ነው የሚል ነበር ብሶቱ። የሸሪፍ ኃይል ሰልፉን በአስለቃሽ ጭስ በተነ፤ ጋዜጠኛው ሩበን ሳላዛርም በዊቲየር ቡሌቫርድ በአንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ በተተኮሰ የጭስ ጥይት ተመትቶ ሞተ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ጎዳና ላይ በዝግታ መንዳት የቅዳሜ ማታ ጨዋታ ብቻ ሊሆን አይችልም ነበር።

የቺካኖ ኪነ ጥበብ በሌሎችም ዘርፎች ያበበው በዚሁ ዘመን ነው። ሉዊስ ቫልዴዝ እ.ኤ.አ. በ1965 በዴላኖ የወይን ለቃሚዎች አድማ መካከል ያቋቋመው ቴአትሮ ካምፔሲኖ በጭነት መኪና ላይ ቆሞ ለአድመኞች አጫጭር ተውኔቶችን ያሳይ ነበር። በ1978 ለመድረክ ያበቃው «ዙት ሱት» የተባለው ተውኔቱም የ1940ዎቹን በደል በሎስ አንጀለስ ትልቅ ቴአትር ቤት ውስጥ አቆመው፤ በ1981 ፊልም ሆነ። መኪናዎቹም ሥዕል ለበሱ። የኢምፔሪያልስ ክበብ አባል የነበረው ጄሲ ቫላዴዝ «ጂፕሲ ሮዝ» የተባለው የ1964 ኢምፓላው ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ በእጅ በተሣለ ጽጌረዳ ተሸፍኖ ነበር፤ በ1974 በተጀመረ የቴሌቪዥን ድራማ መግቢያ ላይ በመታየቱም ዝናው ከሠፈሩ አልፎ አገር አዳረሰ። በ1977 ደግሞ በሳን ሆዜ ከተማ ወጣቶች «ሎውራይደር» የተባለውን መጽሔት መሠረቱ፤ እስከ 2019 ድረስ ታተመ። ይሁን እንጂ ዝና ጥበቃ አልሆነም። በ1979 የሸሪፍ ኃይል ዊቲየር ቡሌቫርድን ለዚሁ ልማድ ዘጋው፤ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹም ሳን ሆዜንና ናሽናል ሲቲን የመሳሰሉ የካሊፎርኒያ ከተሞች በዝግታ መመላለስን በደንብ ከለከሉ። መኪናው በሥዕል ተመሰገነ፤ ነጂው ግን ወንበዴ ተባለ።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። መኪና የካፒታሊዝም ገበያ ዋነኛ ጌጥ አይደለምን? ሠርቶ አደሩ ከደመወዙ ቀንሶ ሞላ፣ ቀለምና ክሮም ሲገዛ የሚያደልበው ባለፋብሪካውን አይደለምን? ጥያቄው ከእውነት የራቀ አይደለም። ለልጆች ጫማ ሊውል የሚችል ገንዘብ ለቸርኬ የዋለበት ቤት አይጠፋም። ሴቶች ለረጅም ዘመን በመጽሔት ሽፋን ላይ እንዲቆሙ እንጂ ክሪኩን እንዲይዙ አልተጋበዙም፤ የራሳቸውን ክበብ አቋቁመው መብታቸውን ያስከበሩት በትግል ነው። በጓደኝነት የተጀመረው ውድድርም የንግድ ድርጅቶች ስም የሚጮህበት ትርኢት ሆነ። ሆኖም ይህ ሁሉ የነገሩን ግማሽ ብቻ ይናገራል። ገበያው ለሠራተኛው የሸጠለት ያረጀና የተናቀ መኪና ነበር፤ ሠራተኛው ከዚያ ያወጣው ግን ገበያው ያላሰበውን ነው። ገበያ በየዓመቱ አዲሱን ግዛ ሲል እርሱ አሮጌውን ጠብቆ ለልጁ አወረሰ። ገበያ ፍጠን ሲል እርሱ ቀስ አለ። ዕቃን የገዛ ሁሉ የዕቃ ባሪያ አይሆንም፤ የሚለየው እጁን ያገባበት መሆኑና አለመሆኑ ነው።

የሕጉ መጨረሻም የመጣው ከታች ነው። ክበቦቹ ለዓመታት በየምክር ቤቱ አዳራሽ እየተገኙ አስረዱ፤ ሳን ሆዜ በ2022፣ ናሽናል ሲቲ በ2023 ክልከላቸውን ሻሩ። በ2023 የካሊፎርኒያ ምክር ቤት የሕግ ረቂቅ ቁጥር 436ን አጸደቀ፤ ሕጉም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ መሠረት ከተሞች በዝግታ መመላለስን የመከልከል ሥልጣናቸው ተነሣ፤ መኪናን ከቸርኬው ጠርዝ በታች ዝቅ ማድረግን የሚከለክለውም ድንጋጌ ተሻረ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተቀጡት ሰዎች ብዙዎቹ በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

ቅርሱን በሚመለከት ደግሞ ቤተ መዘክሮች ከሕግ አውጪዎች ቀድመው ነበር። የስሚትሶኒያን ተቋም እ.ኤ.አ. በ1990 ከኒው ሜክሲኮዋ የቺማዮ መንደር «ዴቭስ ድሪም» የተባለውን የ1969 ፎርድ ለብሔራዊው የታሪክ ቤተ መዘክር ወሰደ። መኪናውን የጀመረው ዴቪድ ሃራሚዮ በ1978 በአደጋ ከሞተ በኋላ ሥራውን የፈጸሙት ቤተሰቡና ወዳጆቹ ናቸው። «ጂፕሲ ሮዝ»ም በ2017 በአገሪቱ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች መዝገብ ገብቶ በዋና ከተማይቱ አደባባይ ላይ በመስታወት ቤት ታየ። ይህ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ መኪና ሞላው ሥራ ፈትቷል፤ ጎረቤትም ክሪክ አያውሰውም።

የዚህ ታሪክ ቁም ነገር የመኪናው ማማር አይደለም። መንግሥት፣ ገበያና ትምህርት ቤት ሳይቆጥሩት በየግቢው የሚኖር ዕውቀት መኖሩ፣ ይህም ዕውቀት ሰውን አስከብሮ በአደባባይ የሚያቆም መሆኑ ነው። የባህል ሠራተኛ የሕዝብን ጥበብ ፍለጋ ሲወጣ መዝሙርና ሸማ ብቻ እያየ እንዳይመለስ፣ መምህር በተማሪው እጅ ላይ ያለውን የግራሶ እድፍ እንደ ስንፍና ምልክት እንዳይቆጥር፣ አርቲስትም ከብረት ጋር የሚታገለውን ሰው ባልንጀራዬ እንዲለው ይህ የሞላ ታሪክ በቂ ምክንያት ይሰጣል። አንቀጽ 24008 ተሽሯል። በየግቢው ያለው ሥራ ግን የሚቀጥለው፣ ብሎኑን የሚያጠብቀው ሰው አጠገብ መብራት የሚይዝ ልጅ እስካለ ድረስ ነው።